«ምን ወረቀት አለውና ይከሰኛል?» — ሠራተኛ ለሚቀጥሩ የኮኪትና የአካባቢው ነጋዴዎች የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መነሻ



ከገንዳ ውሃ ተነስቶ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው አስፋልት ኮኪትን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የሰሊጥ መጋዘን የከፈተ ወንድም ሠራተኛ ሲቀጥር ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ የሚታመን ሰው «ልጁ ጨዋ ነው» ይላል፤ ደመወዙ በአፍ ይነገራል፤ «በል ቢስሚላህ ብለህ ጀምር» ይባላል። ወረቀት የሚባል ነገር አይነሳም። ቢነሳም እንደ አለመተማመን ይቆጠራል።

ሁለት ሦስት ዓመት በሰላም ይሠራሉ። ከዚያ አንድ ቀን በሒሳብ ጉድለት ወይም በማርፈድ ይጋጩና «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ይባላል። ልጁ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ባለሱቁ መጥሪያ ሲደርሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው «ምን ወረቀት አለውና ይከሰኛል?» የሚለውን ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው። መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተገላቢጦሽ ነውና፦ በሕጋችን ወረቀት አለመኖሩ ይበልጥ የሚጎዳው አሠሪውን ነው። ከታች የምናቀርበው አጠቃላይ ግንዛቤ ሲሆን፣ ክስ የቀረበበት ሰው ግን ሰነዱን ይዞ የሕግ ባለሙያ ማማከር አለበት።

ሕጉ ማንን ይመለከታል?

አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተክቶ የወጣ ነው። ብዙ ሰው ይህ ሕግ ለፋብሪካና ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የወጣ ይመስለዋል። አዋጁ ግን የሠራተኛ ብዛት አይቆጥርም። አንድ ልጅ ቀጥሮ ሻይ የሚያስሸጥ ሰው አሠሪ ነው። የተቀጠረው የወንድም ወይም የአጎት ልጅ ቢሆንም፣ በደመወዝ በአሠሪው ትእዛዝ ሥር እስከሠራ ድረስ ዝምድናው ከሕጉ አያስወጣውም።

ከሕጉ ውጭ የሆኑም አሉ። ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረ፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፣ በዚህ አዋጅ አይታይም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ አንዲት እህት ጠዋት በቤት ውስጥ እንጀራ ጋግራ፣ ከሰዓት በምግብ ቤቱ ደንበኛ ስታስተናግድ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለችው «የቤት ሠራተኛ ናት» በሚል ብቻ ከሕጉ ልትወጣ አትችልም፤ የምትሠራው ለሚያተርፍ ንግድ ነውና። የንግድ ኪሳራውንና ትርፉን ራሱ ተሸክሞ በዋጋ ሥራ የሚወስድ ኮንትራክተርም ሠራተኛ አይባልም። የድርጅት የሥራ መሪም እንዲሁ።

ከድንበሩ ማዶ በ2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከሱዳን የመጡ ወንድሞችን መቅጠር የሚፈልጉ ነጋዴዎች አሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራት መብትን አውቋል። ነገር ግን መብቱ ያለ ፈቃድ የሚሠራበት አይደለምና ከመቅጠር በፊት መታወቂያውንና የሥራ ፈቃዱን ማየት፣ ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ የለውም ብሎ በግማሽ ዋጋ ማሠራት ግን በሸሪዓም በሕግም የሚያስጠይቅ በደል ነው።

በቃል የተገባ ውል

አዋጁ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በቃል የተገባም ውል ውል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። ሳይሰጥ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ግዴታውን ያልተወጣው አሠሪው ነው።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ነው ሊባል የሚችለው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። «ለሦስት ወር ብዬ ነው የቀጠርኩት» የሚል ባለሱቅ፣ ሥራው ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ የሱቅ ሥራ ከሆነ፣ የተጻፈ ወረቀት ቢኖረው እንኳ ያከራክረዋል፤ ከሌለው ደግሞ አቋሙ ይበልጥ ይዳከማል።

ሦስተኛ፣ የሙከራ ጊዜ። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይቻላል። ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ነገር ግን የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። ያልተጻፈ ሙከራ የለም! በቃል የቀጠረ ሰው ሠራተኛውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙከራውን እንዳለፈ ሠራተኛ ይዞታል ማለት ነው። አንድን ሠራተኛ ለዚያው ሥራ ደግሞ በሙከራ መቅጠርም አይቻልም።

እኛም በአንድ የግል ትምህርት ቤት ስናስተምር ያለ ወረቀት ሠርተናል። ከዳይሬክተሩ ጋር ተከባብረን ነበር፤ የክረምቱ ወራት ደመወዝ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው ሲነሳ ግን እርሱም እኛም የየራሳችንን ትዝታ ነበር የምንናገረው። ማናችንም አልዋሸንም። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች አንድን ንግግር በሁለት መንገድ ማስታወሳቸው ያለ ነገር ነው።

መጻፍ አለመተማመን ነው የሚለውን አስተሳሰብ ዲናችንም አይደግፈውም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ የሚናገረው በጊዜ የተወሰነ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። በፊቅህም የሰው ጉልበት ኪራይ፣ ኢጃራ፣ ትክክለኛ እንዲሆን ሥራውና ክፍያው የታወቁ መሆን አለባቸው፤ «እንደ ሥራህ አይቼ እሰጥሃለሁ» የሚለው አነጋገር ዑለማዎች ከሚያስጠነቅቁት ጀሃላ፣ ማለትም ካልታወቀ ነገር ላይ የተመሠረተ ውል፣ ውስጥ ይገባል።

ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦

«እኔ አሠሪው … አድራሻዬ ኮኪት …፣ ሠራተኛ … ዕድሜ … አድራሻ …ን ከ… ቀን ጀምሮ በ… ሥራ ላይ በወር ብር … ቀጥሬያለሁ። ደመወዝ በየወሩ በ… ቀን ይከፈላል። የሥራ ሰዓት ከ… እስከ …፣ የሳምንት ዕረፍት … ቀን ነው። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። የውሉ ቆይታ ላልተወሰነ ጊዜ ነው።» ቀን፣ የሁለቱም ፊርማ፣ ቢቻል ሁለት ምስክር። አንዱ ቅጂ ለሠራተኛው ይሰጣል። ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ ምስክሮች ባሉበት ተነቦለት አሻራውን ቢያሳርፍ ይሻላል።

የሰሊጥ ወቅት ሠራተኞች

ወደ መተማና ቋራ ቆላ በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሰው ይወርዳል፤ ክረምት ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ። በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባሉት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው። ኮኪት ላይ ሱቅ ያለው ብዙ ሰው በጎን ጥቂት ሄክታር ስለሚያርስ ጉዳዩ ነጋዴውንም ይመለከታል።

ሕጉ በየዓመቱ የሚደጋገም ግን በተወሰነ ወቅት ብቻ የሚሠራ ሥራን ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መዋዋል ይፈቅዳል። አጨዳው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል፤ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው። ከሳሉጎቹ አንዱን «አንተ ቆይና ክምሩን ጠብቅ» ይሉታል፤ ከዚያ መጋዘን፣ ከዚያ ከብት። ይህ ሰው አሁን የወቅት ሠራተኛ አይደለም። ሥራው ሲቀየር አዲስ ወረቀት ካልተጻፈ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ሆኖ ይቆጠራል።

ሌላው አነጋጋሪ ነገር በሄክታር ወይም በሂላ፣ ማለትም ተደግፎ በተከመረው ነዶ ልክ፣ የሚደረግ ስምምነት ነው። በሥራ ልክ መክፈል ብቻውን ሠራተኛውን ኮንትራክተር አያደርገውም። የት እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚነሱ፣ እንዴት እንደሚያጭዱ የሚያዝዘው ባለእርሻው ወይም ወኪሉ ከሆነ፣ ቀለብና ውሃ የሚያቀርበውም እርሱ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት አሠሪ አድርጎ ሊያየው እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። ደላላ ወይም የቡድን አለቃ መሃል ስለገባ ብቻ ኃላፊነቱ አይወርድም። ስለዚህ ለአለቃው በጅምላ ከፍሎ ከመሄድ ይልቅ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን ማስፈረም ይሻላል። አለቃው ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ ሠራተኞቹ የሚመጡት ወደ እርሻው ባለቤት ነውና።

ባለእርሻዎችም እሮሮ አላቸው፤ ቅድሚያ ተቀብሎ ሌላ እርሻ ዋጋ ሲጨምር ጥሎ የሚሄድ አለ። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በኋላ ቀናት ካለፉት ይረግፋል። ሕጉ ከውሉ ውጭ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ ካሳ እንዲከፍል ያደርጋል፤ መጠኑ ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ቅድሚያውን ለማስመለስም ቢሆን የተፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል።

የሥራ ሰዓት፣ ጁምዓና የረመዳን ሌሊት

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ማሠራት የሚቻለው አዋጁ በጠቀሳቸው ምክንያቶች፣ ለምሳሌ ለአስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ሲሆን፣ በቀን ከ4 ሰዓት በሳምንትም ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አንድን አስተናጋጅ ማቆም 14 ሰዓት ነው፤ የዕረፍት ሰዓት ካልተሰጠው ይህ ገንዘብ ቢከፈልበትም ከጣሪያው በላይ ነው።

ክፍያውን በምሳሌ እንየው። በወር 4,160 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ፣ በተለምዶ እንደሚደረገው ለ208 ሰዓት ሲካፈል፣ የሰዓት ደመወዙ 20 ብር ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 30 ብር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፤ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀኑ ከሆነ በ2፤ 40 ብር። በበዓል ቀን የሠራው ትርፍ ሰዓት በ2.5፤ 50 ብር። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ እስከ ሱሑር የሚከፍቱ ምግብ ቤቶች ይህን የሌሊት ስሌት ልብ ይበሉ። አንዳንዶች ሰዓቱን ወደ ማታ ያዞሩና ቀን ያሳርፋሉ፤ ያ ሲሆን የ8 ሰዓቱ ገደብ እስካልታለፈ ድረስ ትርፍ ሰዓት አይባልም፤ ግን ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ተነግሮና ተጽፎ ይሁን።

ሳምንታዊ ዕረፍት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ነው። ሕጉ በተቻለ መጠን እሑድ ይሁን ቢልም የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ሌላ ቀን ማድረግን ይፈቅዳል። ሙስሊም ባለሱቅ ሱቁን ዓርብ ዘግቶ እሑድ ሊከፍት ከፈለገ ሠራተኞቹ ክርስቲያኖችም ሊሆኑ እንደሚችሉ አይርሳ። የእነርሱ እሑድ እንደ እኛ ጁምዓ ነው። ሁለቱን ማመቻቸት ከባድ አይደለም። ለጁምዓ ሰላት ሕጉ በስም የጠቀሰው የተለየ ፈቃድ ባይኖርም፣ የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይቻላል፤ በዚህ ምክንያት የሌላው ቀን ሥራ ከ8 ሰዓቱ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ መርዘም የለበትም። በሃይማኖት ምክንያት ማዳላትና ሠራተኛን ማሰናበት ደግሞ በግልጽ የተከለከለ ነው።

ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ፣ እንዲሁም ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካና ሌሎቹ የሕዝብ በዓላት ደመወዝ የሚከፈልባቸው ቀናት ናቸው። በዓል ላይ የሠራ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል።

ደመወዝና ቅነሳ

የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ ስለ መክፈል የተላለፈውን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ማስታወስ አያስፈልግም፤ በየጁምዓው ይሰማል። በተግባር ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመዘግየት ሳይሆን በመቀነስ ነው።

ዕቃ ጎደለ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሒሳብ አልገጠመም ተብሎ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የአሠሪው የብቻ ውሳኔ አይደለም። ቅነሳ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ በላይ አይነካም። 4,160 ብር የሚከፈለው ሰው ላይ ከ1,386 ብር በላይ በወር መቁረጥ አይቻልም ማለት ነው። ጉድለት ያገኘ ባለሱቅ የሚያዋጣው በዚያው ቀን ከሠራተኛው ጋር ቆጥሮ፣ ልዩነቱን ጽፎ መፈራረም ነው።

ምግብና ማደሪያ እንደ ደመወዝ አካል ሊቆጠር የሚችለው በስምምነት ሲሆን፣ ዋጋው ከገበያው አይበልጥም፤ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለውም ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። «ይበላል ይተኛል» በሚል ደመወዝን ከግማሽ በታች ማውረድ አያስኬድም። ዝቅተኛ የደመወዝ መጠንን በተመለከተ አዋጁ ራሱ የብር ቁጥር አላስቀመጠም፤ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ነው የደነገገው።

እግረ መንገዳችንን፦ ዘካ ለደመወዝ ማካካሻ አይሆንም። ድሃ የሆነ ሠራተኛ ዘካ ሊቀበል ይችላል፤ ነገር ግን የሚገባውን ደመወዝ ወይም ትርፍ ሰዓት በዘካ ስም የሰጠ ሰው ዘካውም አልወጣለትም፣ የደመወዙን ዕዳም በቅን መንገድ አልከፈለም።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል አይሠሩም።

ጉዳትና ሕመም

የቆላው ሥራ አደገኛነት የሚታወቅ ነው፤ ማጭድ ይቆርጣል፣ እባብ ይነድፋል፣ ትራክተር ይገለበጣል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ተጠያቂ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። በአሠሪው መኪና ወይም ተጎታች ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰ አደጋም የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ነፃ የሚያደርገው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ወይም ሰክሮ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው።

የሕክምና፣ የመድኃኒትና የሆስፒታል ወጪ በአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻለ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ለቋሚና ሙሉ የአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው ትንሽ ነጋዴ አንድ አደጋ ሱቁን ሊያዘጋው ይችላል።

በሽታ ግን ሌላ ነው። መተማ የወባና የካላዛር አካባቢ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው አሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ስለምትኖር፣ ሜዳ ላይ የሚያድሩት ሳሉጎች፣ በተለይ ከደጋ አዲስ የመጡት፣ በብዛት ይጠቃሉ። ሕጉ ግን በአካባቢው የተለመደ በሽታን እንደ ሥራ በሽታ አይቆጥርም፤ በሽታውን መከላከል ሥራው የሆነ ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር። ማለትም ካላዛር የያዘው አጫጅ የጉዳት ካሳ መጠየቅ ይከብደዋል።

አንዳንድ አሠሪዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ሕጉ ግን አላቆመም። የሙከራ ጊዜ ያለቀለት ወይም ጨርሶ ያልተጻፈበት ሠራተኛ፣ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ፣ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ ቀሪዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ለወቅት ሠራተኛ ይህ የሚዘልቀው ውሉ እስካለ ድረስ ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታም አለበት። በእኛ አመለካከት ሜዳ ላይ ለሚያሳድራቸው ሰዎች አጎበር ያላቀረበ ባለእርሻ ግዴታውን ተወጥቷል ማለት ይከብዳል። ሁለት ሳምንት የቆየ ትኩሳትና የሆድ እብጠት ያለበትን ሰው «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጥቶ ወደ አገሩ ከመስደድ ይልቅ ወደ መተማ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መላክ ነፍስ ያድናል፤ ካላዛር ካልታከመ ይገድላልና።

ፈቃድ

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ፈቃዱን በብር መግዛት አይቻልም፤ ማስተላለፍ ግን ከሁለት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ይቻላል። ሐጅ ያሰበ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ሊሄድ የሚችለው በዚህ ነው። ለጋብቻ 3 የሥራ ቀን፣ ሚስቱ ለወለደችለት አባት 3 ተከታታይ ቀን፣ ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ባሏ የሞተባት እህት ዒዳዋ 4 ወር ከ10 ቀን ስለሆነ ሕጉ ከሰጣት 3 ቀን በላይ የሚያስፈልጋትን በዓመት ፈቃድና ያለ ክፍያ በሚሰጥ ፈቃድ በጽሑፍ መስማማት ይቻላል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሆን ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል።

ቋሚ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ቀንሶ፣ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል። የቀነሰውን 7 በመቶ ሳያስገባ የያዘ ሰው የሌላን ሰው አማና ነው የያዘው።

መለያየት

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ወደሚለው እንመለስ። ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ጥፋቶች ነው። ማርፈድ ከሆነ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ፣ መቅረት ከሆነ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን፤ ሁለቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሆነ ብቻ። ስርቆትና ማጭበርበርም አሉ። ስንብቱ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ መሰጠት አለበት፤ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈም በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ዛሬ ተቆጥቶ ይቅር ያለውን፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ጥል ሲመጣ መምዘዝ አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 3 ወር ነው። ሠራተኛው ሲለቅ 30 ቀን አስቀድሞ ያሳውቃል። ነፍሰ ጡርን፣ ከወለደችም እስከ 4 ወር ድረስ ያለችን ሴት በዚህ ምክንያት ማሰናበት አይቻልም።

ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ፍርድ ቤት ወደ ሥራ እንዲመለስ ወይም የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሳ እንዲከፈለው ሊያዝ ይችላል። ለባለ 4,160 ብሩ ይህ ወደ 24,960 ብር ይጠጋል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ሳይጨመር። የስንብት ክፍያ ሲኖርም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። የሚገባው ክፍያ በሙሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ሊጨመርበት ይችላል። የሥራ ምስክር ወረቀትም በነፃ ይሰጠዋል፤ ተጣልተን ተለያየን ብሎ መከልከል አይቻልም።

ሱልሕ፣ ፍርድ ቤትና የጊዜ ገደብ

አለመግባባት ሲመጣ መጀመሪያ በመስጊዱ ሽማግሌዎችና በኢማሙ ፊት መቀመጥ መልካም ልማዳችን ነው። ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ የሥራ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን አይደለም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ኒካሕን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና መሰል ጉዳዮችን፣ ያም በተከራካሪዎች ፈቃድ፣ የሚመለከት ነው። የደመወዝና የስንብት ክስ የሚቀርበው ለመደበኛው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤትም ቅሬታ ተቀብሎ ያስማማል።

ሁለተኛ፣ የሱልሕ ቀጠሮ የሕጉን ሰዓት አያቆምም። ወደ ሥራ መመለስን የሚጠይቅ ሠራተኛ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠይቅ በ6 ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። «ከረመዳን በኋላ እንይላችሁ»፣ «ሰሊጥ ይሸጥና» እየተባለ ወራት ሲያልፉ ሠራተኛው ሳያውቀው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ይርጋው የሚቋረጠው ጉዳዩ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ሲቀርብ ወይም ሌላው ወገን ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡ አባቶች በመጀመሪያው ቀን «ይህን ያህል የደመወዝ ቀሪ እንዳለበት አምኗል፣ የሚከፍልበትን ቀን ለመወሰን ተቀምጠናል» የሚል አንድ መስመር አስጽፈው አሠሪውን ያስፈርሙት፤ ቀኑንም ይጻፉበት።

ወላሁ አዕለም።